ውሃ ሞልቶ ማስቀመጥ ብቻውን አልጠቀመንም፣ እኛ ያየነውን ልንገርሽ

እህቴ "4 ነን፣ ድንገት አደጋ ቢመጣ ብዬ ውሃ ላስቀምጥ አስቤ ስንት ሊትር ይበቃናል፣ በምን ላድርገው፣ ስንት ጊዜስ ይቆያል" ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም በእኛ ላይ ደርሷል። የመሬት መንቀጥቀጡ የቧንቧውን መስመር በጥሶት 9 ቀን ሙሉ ጠብ የሚል ውሃ አልነበረም። እኛ ደግሞ አልተዘጋጀንም ማለት አይደለም፣ 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተን ካስቀመጥን ከአመት በላይ ሆኖን ነበር።

የዛን ለት ማታ በስልክ መብራት አንዱን ከፈትኩት። ክዳኑ ገና ሲላላ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፣ የዘይት ሽታ ነው፣ ጀሪካኑ ድሮ የዘይት ነበር፣ በሳሙና ደጋግመን አጥበነዋል ግን ፕላስቲክ አንዴ የያዘውን ሽታ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ሁለተኛው ፀሀይ ሲመታው የከረመ ነው፣ ጣቴን በአፉ አስገብቼ ውስጡን ስነካው ያሙለጨልጫል፣ አውጥቼ ሳየው አረንጓዴ። ልጄ ኩባያውን ይዞ አጠገቤ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። 60 ሊትር አለን ብለን ተማምነን የሚጠጣው 20 ብቻ ሆኖ አገኘነው።

ስለዚ እኔ ብትሰሚኝ ከብዛቱ በፊት እቃውን አስቢ። ለምግብና ለመጠጥ ተብሎ የተሰራ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ይሁን፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ኬሚካል ምናምን የነበረበትን ጭራሽ አትንኪው። የወተትና የጁስ እቃም ይቅርብሽ፣ የቱንም ያህል ብታጥቢው ትንሽ ቅሪት አይጠፋም፣ ባክቴሪያ የሚራባው እዛ ላይ ነው። የለስላሳና የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ግን በደንብ ከታጠበ ይሆናል። ካጠብሽ በኋላ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና አድርገሽ እቃው ውስጥ ጨምሪና ሁሉም ጋ እንዲደርስ 30 ሰከንድ ያህል ናጪው፣ ከዛ ደፍተሽ በንፁህ ውሃ አለቅልቂው። በረኪናው ሽቶና ቀለም የሌለበት ተራው መሆን አለበት፣ ይሄን ደግሞ አደራ።

መጠኑን በሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ብለሽ ያዢ፣ ግማሹ ለመጠጥ ግማሹ ለማብሰያና ለእጅ ለፊት መታጠቢያ። ለ4 ሰው በቀን 16 ሊትር ነው፣ ለ3 ቀን 48፣ ለ2 ሳምንት 224 ሊትር ይሆናል። 224 ስልሽ እንዳትደነግጪ፣ በ3 ቀኑ ጀምሪና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪበት፣ እኛም እንደዛ ነው ያጠራቀምነው። ሁሉንም ትልቅ ጀሪካን ላይ ግን አታድርጊው፣ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ ባለ 20ውን እናቴ ከቦታው ልታንቀሳቅሰው አልቻለችም፣ እኔ ቤት ባልኖር ኖሮ ውሃው አጠገቧ እያለ ትጠማ ነበር ማለት ነው። አሁን ግማሹ በ2 እና በ5 ሊትር ነው ያለው፣ ደግሞ አንድ ቦታ አይደለም፣ አንዱ ክፍል ቢዘጋ ወይ አንዱ እቃ ቢፈስ ሌላው ይተርፋል።

ቦታው ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፣ ቤንዚንና የተባይ መድሀኒት ካለበት ራቅ አድርጊው፣ ትነቱ በፕላስቲኩ አልፎ ይገባል። ራስሽ የሞላሽውን በየ6 ወሩ ቀይሪ። እኔ ቀኑን እቃው ላይ እጽፍና ሲደርስ ለልብስና ለፅዳት አውለዋለሁ፣ አይባክንም። የታሸገውን ደግሞ ሳትከፍቺው የተጻፈበትን ቀን ጠብቂ።

በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ስትሞይው ሌላ ነገር መጨመር አያስፈልግሽም። ንፅህናው ካጠራጠረሽ ግን ማፍላት የመሰለ የለም፣ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካላችሁ 3 ደቂቃ። ማገዶም መብራትም ከሌለ፣ የበረኪናው ጥንካሬ ከ5 እስከ 6 ፐርሰንት ከሆነ ለ1 ሊትር 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር 40 ጠብታ አድርገሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በንፁህ ጨርቅ አጥልይው፣ ከዛም አልጠራ ካለ ጠብታውን እጥፍ አድርጊው። የቆየ በረኪና ጉልበቱ ይቀንሳል፣ እሱንም አብረሽ ቀይሪው። ቤንዚን ወይ ሌላ ኬሚካል የገባበት ውሃ ግን በማፍላትም በበረኪናም አይድንም፣ ድፊው።

እኛን ያተረፈን ማንም ያላሰበው የሻወር ቦይለሩ ነው። ጎረቤታችን ሮጦ መጥቶ ዋናውን የውሃ ቫልቭ ዝጉ አለን፣ የተበጠሰው መስመር ቆሻሻ እንዳይመልስብን ነው። ከዛ የቦይለሩን መብራት ከቆጣሪው አጠፋን፣ እንዲቀዘቅዝ ጠበቅን፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተን አየር ሲገባለት ከስሩ 50 ሊትር ቀዳን። መጀመሪያ የመጣው ዝቃጭ ነበረው፣ እሱን ለሽንት ቤት አዋልነው። የቦይለሩን መብራት ቦይለሩ ተመልሶ በውሃ ሳይሞላ እንዳታበሪው፣ ይቃጠላል።

አንድ የተሳሳትነውን ልጨምርልሽ። በ3ኛው ቀን እናቴ ለልጁ ይትረፍ ብላ ሳትነግረን መጠጣት ቀንሳ ነበር፣ ስትነሳ አዞራትና ወደቀች። መታጠቡን ቀንሱ፣ እቃ ማጠቡን ቀንሱ፣ የሚጠጣውን ግን አትቀንሱ፣ የዛሬን ዛሬ ጠጥታችሁ የነገውን መፈለግ ይሻላል።

ከ4ታችሁ ውስጥ ዱቄት ወተት የሚጠጣ ህፃን፣ እርጉዝ፣ የታመመ ወይ የምታጠባ ካለች 4 ሊትሩ አይበቃም፣ እድሜያቸውን ጻፊልኝና ስንት እንደሚጨመር አብረን እናሰላዋለን።