ሽኝቱ ላይ ልገኝ ወይስ ልቅር?

እትዬ፣ እንደምን አሉ?

ትዕግስቴ አልቆ ነው የምጽፍልዎ። ከጓደኛዬ ጋር ደሴ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ሜሪላንድ ከመጣን ጀምሮም አንድ ቤት ነን። ኪራይ ሲያጥረው ሞልቻለሁ፤ ሲታመም አስታምሜያለሁ። አምና የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሲገባም ምንም አላልኩም። ሥልጠናውን ጨርሶ ለእረፍት መጣ። ለአንድ ዓመት ኮሪያ መመደቡን ከማን የሰማሁ ይመስልዎታል? ከፀጉር ቆራጫችን! «ጓደኛህን መቼ ነው የምትሸኙት?» አለኝ። ምላጩ አንገቴ ላይ ነበር፤ ምን ልበል? ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የቤቱ ሰው እኔ መጨረሻ ሆንኩ።

ስጠይቀው «እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» አለ። እሺ ብዬ ተውኩት። እረፍቱን ግን ከሌሎች ጋር ሲዞር ጨረሰው። እኔ ጋ የሚመጣው ዕቃ ሊያስቀምጥ ወይም መኪናውን አደራ ሊል ነው። እናቱ ደም ግፊት ስላለባቸው ለትምህርት እንደሚሄድ ነው የነገራቸው፤ ሲደውሉ እኔም «ኮርስ ላይ ነው» እያልኩ አልፋለሁ። በጦሩ ቅጽ ላይም የሆነ ነገር ቢደርስበት በእሳቸው ፈንታ ለእኔ እንዲነገር ሞልቷል። ይሄ እንኳን ችግር የለውም። የሚያናድደኝ ንቀቱ ነው። ቅዳሜ ምግብ ቤት ሽኝት አለው፤ የጠራኝ እንደማንም በግሩፕ ሜሴጅ ነው!

ልቅር? ሰኞስ ኤርፖርት ላድርሰው ወይስ ኡበር ይጥራ?

ቅር የተሰኘው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

አንተ ልጅ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ «ይሄ እንኳን ችግር የለውም» ብለህ ያለፍከው ነገር ነው።

ቅጹን አውቀዋለሁ፤ ዲዲ 93 ይሉታል። በጤና ምክንያት የማይነገረው ሰው ስም የሚሞላበት፣ በምትኩ የሚነገረውም የሚጻፍበት ቦታ አለው። ጓደኛህ እናቱን እዚያ አስገብቶ በምትካቸው አንተን ጽፏል። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል? ክፉ ቀን ቢመጣ፣ አያምጣው እንጂ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች የሚያንኳኩት ያንተን በር ነው። ደሴ የምትደውለው አንተ ነህ። አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ፤ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ በማለዳ ይኬዳል። አንተ ግን ከመርዶው በፊት ልጃቸው ወታደር እንደነበረ ማስረዳት ይኖርብሃል። «ኮርስ ላይ ነው» ሲላቸው የከረመውም ያው አንተ። ከዚያ ወዲያ በየትኛው ዓይንህ ታያቸዋለህ?

ናቀኝ ትላለህ። የናቁት ሰው ስም እዚያ ላይ አይጻፍም። ለፀጉር ቆራጭ መንገር ቀላል ነው፤ ቤት ገብቶ ዓይንህን እያየ መንገር ግን አቃተው። የሸሸህ ይመስለኛል። ይህን የምለው ላጸድቀው አይደለም። የእናቱን እንባ አንተ ትከሻ ላይ ጥሎ መሄዱ ጥፋት ነው፤ ልትቆጣ የሚገባህም በዚህ ነበር።

ኮሪያ ውስጥ ተኩስ ከቆመ ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ሰላም ስምምነት አልተፈረመም፤ ቢሆንም የሚሄደው ወደ ጦር ሰፈር እንጂ ወደ ጦር ሜዳ አይደለም። ደግሞስ እናቱ ኮሪያን የማያውቁ መስሎታል? ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ዘምቶ፣ በዚያ ጦርነት 121 ልጆቻችን ወድቀዋል። አንድም የተማረከ የለም። ይህን ሳይሰማ ያደገ ትልቅ ሰው አለ? ቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እዚያ ሄዶ ፎቶ ይነሳና ይላክላቸው። የሌለ ኮርስ ከማውራት ይሻላል።

ቅዳሜ ሂድ። በግሩፕ ሜሴጅ ተጠራሁ ብሎ ከወንድሙ ሽኝት የሚቀር አለ እንዴ? ከዚያ በፊት ግን አስቀምጠውና ለእናቱ ይደውል። ብቻቸውን እንዳይሰሙ እህት ወይም ጎረቤት አጠገባቸው ትሁን፤ መድኃኒታቸውንም መውሰዳቸውን ጠይቁ። የሚናገረው እሱ ነው። አንተ ጎኑ ተቀመጥ፤ ወሬውን እንዳትጀምርለት።

እምቢ ካለ «ስሜን ከቅጹ አውጣ» በለው። ቅጹ ይስተካከላል፤ ቢሮ ሄዶ መቀየር ነው። ይቆጣል፤ ይቆጣ። ሰኞ ግን እሺም አለ እምቢ፣ ኤርፖርት የምታደርሰው አንተ ነህ። ኡበር ብሎ ነገር የለም።