ባሕሩ ያንጸባርቃል ወይስ ያበራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦማን ነው። የካቲት ላይ አንድ ማታ ባሕር ዳር ወርደን ሳለ፣ ማዕበሉ በተሰበረ ቁጥር ከውኃው ሰማያዊ ብርሃን ይወጣ ነበር። እግራችንን ስንነክርም በእግራችን ዙሪያ ይታያል። እናቴ ጋ ደውዬ «ባሕሩ ያንጸባርቃል» ስላት «ጨረቃ ነበረች እንዴ?» አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ፎስፈረስ ነው» ትላለች። በአማርኛ እንዴት ነው የሚባለው?

መልስ፦ እናትዎ ነገሩን አግኝተውታል። «አንጸባረቀ» ሲባል ብርሃኑ ከሌላ ቦታ መጥቶ አርፎ እንደተመለሰ ነው የምንረዳው። መስታወት ያንጸባርቃል፤ አዲስ ቆርቆሮም ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል። ስለዚህ ሰሚው የብርሃኑን ምንጭ ይጠይቃል፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ከጨረቃ ሌላ ምን ይጠረጥራል? እርስዎ ያዩት ብርሃን ግን እዚያው ውኃው ውስጥ የተፈጠረ ነውና ግሡ «አበራ» ነው።

«ጨረቃስ የፀሐይን ብርሃን አይደል የምትመልሰው? ለምን ታበራለች እንላታለን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን «ጨረቃ ታበራለች» የሳይንስ ትምህርት ሳይመጣ የቆመ አነጋገር ነው፤ ማንንም አያሳስትም። «ባሕሩ ያንጸባርቃል» ግን እናትዎን አሳስቷል። ቃል ስመርጥ እኔ የምመዝነው ሰሚው ምን ይረዳል በሚለው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ «በራ»ና «አበራ»ን መለየት ያስፈልጋል። ሥሩ የግእዙ «በርሀ» ነው፤ በአማርኛ «ሀ» ወድቆ «በራ» ሆነ፤ «ብርሃን» ግን እንደ ጥንቱ ቀረ። መብራቱ በራ፤ መብራቱን ያበራ ሰው አለ። በዚህ መንገድ ከሄድን ውኃው ውስጥ ያሉት ፍጥረታት ያበራሉ፣ ባሕሩም በእነሱ ይበራል። «ባሕሩ ያበራል» ማለትም ስሕተት አይደለም፤ «ፀሐይ ታበራለች» እንደምንለው ነው። በቀይ ባሕር ደግሞ ከዓይኑ ሥር ብርሃን የሚሰጡ ባክቴሪያዎችን የያዘ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ብርሃኑን በስስ ቆዳ ይሸፍነዋል፣ መልሶም ይገልጠዋል። ስለዚህ ዓሣ «መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል» ብንል ትክክል ነው።

እርስዎ ላዩት ነገር ግን ከ«አበራ» ይልቅ የሚስማማው «ብልጭ ድርግም» ይመስለኛል። በዚያ ወቅት በኦማን ባሕር በብዛት የሚራባው ኖክቲሉካ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። አንዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በውስጡ የሚኖሩ አረንጓዴ ደቂቅ ፍጥረታት ስላሉ ቀን ቀን ውኃውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ማታ ማዕበል ወይም እግር ሲነካው ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ ድርግም ይላል። ሙሉ የላቲን ስሙ «ኖክቲሉካ ሲንቲላንስ» ነው፤ የመጀመሪያው ቃል «ሌሊት የሚያበራ»፣ ሁለተኛው «ብልጭ ብልጭ የሚል» እንደማለት ነው። ስም አውጪዎቹ ሁለቱንም ማስገባታቸው ደስ ይለኛል።

ይህ አነጋገር ግን ለሁሉም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሊማ የተባለች የንግድ መርከብ ከሶማሊያ ጠረፍ ወዲያ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስትጓዝ ባሕሩ ሁሉ ወተት መስሎ በርቶ አገኘችው። ተመራማሪዎች በኋላ የዚያን ሰሞን የሳተላይት ምስል ሲያዩ ብርሃኑ 15,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሸፈኑን አረጋገጡ፤ ጥናቱም በ2005 ወጣ። እንዲህ ያለውን ብርሃን የሚሰጡት ባክቴሪያዎች እንደሆኑ ይታመናል። ማንም ሳይነካቸው ያለማቋረጥ ነው የሚያበሩት። እዚህ ላይ «ብልጭ ድርግም» ቢባል ውሸት ይሆናል፤ «ባሕሩ በርቶ አደረ» ነው የሚባለው። «አደረ» የምትለው ግሥ ሌሊቱን ሙሉ መቆየቱን በአንድ ቃል ትነግረናለች፤ እንዲህ ያለ ሀብት ይዘን ለምን በ«አንጸባረቀ» ብቻ እንደምንወሰን አይገባኝም።

ወደ ጓደኛዎ ልለፍ። ፎስፈረስ የተባለው ንጥረ ነገር በጨለማ ስለሚያበራ የባሕሩም ብርሃን በስሙ ሲጠራ ኖሯል፤ ግን ብርሃኑ ከእሱ አይደለም። ሉሲፈሪን የተባለ ውሁድ ሉሲፈሬዝ በተባለ ኤንዛይም አማካይነት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው ብርሃን የሚወጣው። ስሞቹን ያወጣው ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱቧ ነው፣ በ1880ዎቹ። ስሙ ከሰይጣን ጋር ተያይዞ ቢያስደነግጥዎ በላቲን «ብርሃን አምጪ» ማለት ብቻ ነው። ብርሃኑ ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «ባሕሩ ነደደ» ወይም «ተቀጣጠለ» ማለትንም አልመክርም።

ለፍጥረታቱ የወል ስም ከፈለጉ «አብሪ የባሕር ፍጥረታት» ይበሉ። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ «አብሪ ትል»ም «አብሪ ጥይት»ም በሕዝብ አፍ ያሉ ናቸው። በ«እሳት ራት» ግን አይተኩት፤ እሳት ራት ወደ ብርሃን የምትበር እንጂ ራሷ የምታበራ አይደለችም።