የአጥቢያችን ግቢ ደብተር የለውም፣ መቃብሩም እየታረሰ ነው ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሰማንያ አባወራ በማይሞላ የገጠር አጥቢያ ለሰበካ ጉባኤ ተመርጠሃል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የይዞታ ደብተር የለውም። አንዱ አዋሳኝ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየጨመረ ወደ መቃብሩ እየገባ ነው። ቀበሌ ስትሄዱ «አስተዳዳሪው ራሳቸው ይምጡ» ተብላችሁ ተመልሳችኋል። «ከየት እንጀምር?» ነው ያልከው።

«ክሰሱ» የሚልህ ሰው አይጠፋም። ቆይ፣ አትክሰስ። መጀመሪያ የእኛን ስማ።

እኔ መምህር ነኝ። አማራ ክልል ውስጥ በአንዲት ትንሽ የገጠር አጥቢያ በሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበርነት ሁለት ዙር አገልግያለሁ። የናንተ ችግር የእኛው ነው። እኛ መቃብራችንን ካርታ ላይ አጥተን፣ ለፍተን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ አስመልሰነዋል። እናንተ ያን ሁሉ መንገድ እንድትሄዱ አልፈልግም።

1. ቃለ ጉባኤ ያዙ። «አስተዳዳሪው ይምጡ» ያለህ ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም በሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። ግን የእኛ አባት አርጅተዋል። ወረዳ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ጉባኤ አደረግን። ሁለት ምእመናንና አንድ ዲያቆን ወከልን። አባታችን ፈረሙ፣ ማኅተም መቱበት። ቃለ ጉባኤውን ይዘን ወረዳ ቤተ ክህነት ሄድንና ሸኚ ደብዳቤ አስጻፍን። ከዚያ በኋላ «እናንተ ማን ናችሁ?» ያለን የለም። ኮፒውን አብዛው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ አንድ ያስቀራል።

2. ቃል ተጠንቀቅ። የመጀመሪያ ማመልከቻችን ላይ «የቤተ ክርስቲያኗ የባለቤትነት ማረጋገጫ ይሰጠን» ብለን ነበር። መለሱብን። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው። የሚሰጥህ የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ «ይዞታ» ብለህ ጻፍ።

ከዚህ የባሰውን ስህተት ደግሞ ሽማግሌዎቻችን ሠሩት። በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ይሄ ሁሉ እኮ ድሮ የሚካኤል ሰሞን መሬት ነበር!» አሉ። ሰሞን መሬት በንጉሡ ዘመን የቤተ ክርስቲያን የነበረ መሬት ነው። እውነታቸውን ነው፣ ነበር። ግን የገጠር መሬትን ሁሉ የመንግሥት ያደረገው የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ያን ሁሉ ዘግቶታል። ያን ቀን የቀበሌው ሰዎች ፊታቸው ተለወጠ። «እነዚህ ሰዎች የንጉሡን ዘመን መሬት ሊያስመልሱ ነው» ብለው ፈሩ። የምንጠይቀው ግቢውን፣ ደኑንና መቃብሩን ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ወራት ፈጀብን። ሽማግሌዎችህን አስቀድመህ ለምናቸው። የድሮውን ታሪክ ለልጆቻቸው ያውሩት፣ ቀበሌ ላይ አያንሡት።

3. ልኬታና ይፋ ማድረጊያው። እዚህ ላይ በደንብ አንብብልኝ። እኛ የተቃጠልነው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ዙር ልኬታ፣ ካርታ ያለው ደብተር የሚሰጥበት፣ ወደኛ የመጣው በ2009 ግንቦት ላይ ነው። ገበሬው እርሻ ላይ ነው። እኔም ፈተና እያዘጋጀሁ ነበር። ለካዮቹ ከላይ የተነሣ ትልቅ ፎቶ በወረቀት ይዘው፣ ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጋር እየዞሩ ድንበር ያሰምራሉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ፎቶ ላይ በእርሻ መሀል የተቀመጠ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ሆኖ ይታያል። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ነው። ከእኛ በኩል የቆመው አንድ ወጣት ዲያቆን ብቻ ነበር። «የእናንተ እስከ የት ነው?» ሲሉት «ደኑ የእኛ ነው» አለ። በዛፎቹ ጠርዝ ዞረው አሰመሩና ሄዱ።

ልጁ አልዋሸም፣ ደኑ የእኛ ነው። ግን መቃብራችን ከደኑ ውጪ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ሣር የለበሰው ሜዳ፣ ሰንበቴ የምንጠጣበት ዋርካ ያለበት፣ ሩብ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ከላይ ለሚያየው ሰው ባዶ ሜዳ ነው፤ የተነጠፈውን ድንጋይ ፎቶው አያሳይም። አጥር ስላልነበረው ያ ሁሉ የወል ግጦሽ ተብሎ ተመዘገበ።

ልጁን ማንም እንዲወቅሰው አልፈቀድኩም። ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው። አዋሳኞችን ሁሉ ጠርተን፣ ከመቃብሩ ዳር ቆመን መጠበቅ ነበረብን። የአንድ ቀን እርሻ ብንተው ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ባልተንከራተትን።

ያም ሆኖ ገና ሌላ ዕድል ነበረን። ከልኬታው በኋላ ደብተሩ ከመታተሙ በፊት ዝርዝሩና ካርታው ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ሰው መጥቶ ያያል፣ የተሳሳተውን ያስመዘግባል፣ ይታረምለታል። ያኔ ማረም ቀላል ነው። የእኛ ይፋ የሆነው ኅዳር ላይ ነው። ጤፍ አጨዳ ነው። ማስታወቂያው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ኅዳር 12 ነበር፣ የደብራችን ንግሥ። የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ግቢያችን ነበር! የስዕለት ጥላ አጫርተናል። የጠፋች በቅሎ ሳይቀር አስለፍፈናል። ስለ ካርታው ግን አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም። እኛም አልጠየቅን፣ ቀበሌውም አልነገረን። ይሄን ሳስብ እስካሁን ሆዴን ያመኛል።

የሆነውን ያወቅነው ሚያዝያ ላይ ለሰው ሁሉ ደብተር ሲታደል ነው። ዲያቆኑ የኛን ካርታ ይዞ መጣና «መቃብሩ የለም» አለኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የቢሮ ምልልስ ተጀመረ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ አሥራ አንድ ጊዜ ሄደናል። ቁጥሩን የማውቀው እያንዳንዷን ቀን ስለጻፍኩ ነው። አንተም ጻፍ፤ ማን ምን እንዳለህ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አብሮህ እንደነበረ። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ አያየንም። «ካርታ ወጥቷል፣ አለቀ።» ሌላ ቀን «ስብሰባ ነው»፣ ሌላ ቀን «ሲስተም የለም»። አንድ ቀን ሚስታቸውን እዚያው የቀበሩ አንድ አዛውንት አብረውን ሄዱ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ መቃብር ነው» አሉት በትሕትና። «መቃብር ከሆነ የሞቱት መጥተው ይመስክሩ» አላቸው። በዚህ ቃል።

አዛውንቱ ምንም አልመለሱም። ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ሦስት ሰዓት መንገድ ስንመለስ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ቢሮ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

በዚህ መሀል ሌላ ነገር መጣ። ቦታው የወል ከሆነ ለተደራጁ ወጣቶች ከብት ማድለቢያ ይሰጥ ተባለ። ወጣቶቹ የራሳችን ልጆች ናቸው። ሥራ የላቸውም፣ መሬትም የላቸውም። አጥቢያው ለሁለት ሊከፈል ደረሰ። እናት ከልጇ ጋር ተኳርፋለች። እኛ ልጆቹን ጠርተን አነጋገርናቸው፤ ከደኑ ዳር ቀፎ እንዲሰቅሉ ፈቀድንላቸው። ቦታውን ተዉት። ዛሬ ማሩን ለንግሥ እነሱ ናቸው የሚያመጡት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። መፍትሔው የተገኘው ከቢሮ አይደለም። ያገኙት እኚያው ዝም ብለው የሄዱት አዛውንት ናቸው።

በሳምንቱ ቤቴ መጡ። «የኔን የድሮውን ደብተር እየው» አሉኝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልላችን በጀመረው የመጀመሪያው ምዝገባ የተሰጠው ነው። ያ ደብተር ካርታ የለውም። ግን ለእያንዳንዱ ማሳ አዋሳኙን በአራቱም አቅጣጫ ይጽፋል። የእሳቸው ማሳ ከመቃብሩ በስተደቡብ ነው። «በሰሜን» የሚለው ላይ ጸሐፊው በእጁ «የሚካኤል መቃብር» ብሎ ጽፏል። አየህ? እኛ ማስረጃ ቤተ ክህነት ስንፈልግ፣ ማስረጃው በጎረቤቶቻችን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በመንግሥት ማኅተም!

ቤት ለቤት ዞርን። ሦስት ደብተር አገኘን። ሦስተኛው፣ እንደናንተው ሁሉ የእኛንም መቃብር ይገፋ የነበረ የአንድ አዋሳኛችን ነው። እሱ አልሰጥም ብሎ ነበር። አንድ ማታ ባለቤቱ በነጠላ ጠቅልላ ይዛው መጣች። «ልጄም እኮ እዚያ ነው ያለው» አለች። ሌላ አልተናገረችም። «በምሥራቅ፦ የቤተ ክርስቲያን መቃብር» ይላል የእሱ ደብተር። ኮፒ አስደርገን በማግሥቱ መለስንላት።

ከዚያ በሽማግሌ ያዝነው። ሰውየውን አልከሰስነውም። ሦስት ሽማግሌ ላክን፤ አንዱ የእሱ አበ ልጅ ነው። ተቆጣ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ድንበሩን ራሱ እየሄደ አሳየን። የስምምነት ሰነዱ ላይ ፈረመ። ብንከሰው ኖሮ ይክደን ነበር፣ ልጆቻችንም እስከ ዛሬ ይጣሉ ነበር። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ አትክሰስ ያልኩህ።

የስምምነት ሰነዱን፣ የሦስቱን ደብተር ኮፒ፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ የፈረመበትን ቃለ ጉባኤና የቤተ ክህነቱን ደብዳቤ አንድ ላይ አድርገን፣ አቤቱታውን በመዝገብ ቤት አስመዝግበን ገባን። ይሄን ልብ በል፦ ለባለሙያ በእጅ አትስጥ። መዝገብ ቤት አስገባ፣ ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂ ይዘህ ውጣ። ያለ ቁጥር የሰጠናቸው ሁለት ማመልከቻዎች የት እንደገቡ እስካሁን አይታወቅም። በዚህኛው ግን ሌላ ባለሙያ ተመደበልን። ወጣት ሴት ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ራሷ በእግሯ መጥታ፣ አዋሳኞቹን ሁሉ አቁማ እንደገና ለካችው። ታኅሣሥ 2012 የታረመው ካርታ እጃችን ገባ። በመሀል «የሻይ» ብሎ ጉቦ የጠየቀን ሰው ነበር። እኛ አንዲት ሳንቲም አልሰጠነውም። ይሄን በኩራት ነው የምነግርህ።

4. ሕግ ስትጠቅስ ቁጥሩን አስተካክል። አንዳንድ የማመልከቻ ጸሐፊ አሁንም አዋጅ ቁጥር 456/1997ን ይጽፍልሃል። እሱ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ እኛ የጠቀስነው የክልላችንን 252/2009 ነው። ከመጻፍህ በፊት በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ጠይቅ።

5. አጥር። ካርታው በመጣ በሳምንቱ የድንጋይ ካብ ጀመርን፣ በደቦ። ወንዶቹ ድንጋይ፣ ሴቶቹ ውኃና ስንቅ። ወጣቶቹ ሳይጠሩ መጡ። ለግንበኛና ለበር ገንዘብ ስንሰበስብ ግን አንድ ጥፋት አጠፋን። ገንዘብ ያዣችን በደብተር እየጻፈ ተቀበለ። ሰውየው ታማኝ ነው፣ ግን ሐሜቱ ሊገድለው ነበር። አሥር ብርም ብትሆን በካርኒ ተቀበሉ፣ በየወሩም ሒሳቡን ከቅዳሴ በኋላ አንብቡ።

አሁን አንተ ምን አድርግ? እናንተ ጋ ሁለተኛው ልኬታ ተደርጎ እንደሆነ አልነገርከንም። ካልተደረገ፣ ዕድለኞች ናችሁ። ለካዮቹ የሚመጡበትን ቀን ከቀበሌው ጠይቁ፣ ያን ቀን ሽማግሌዎቹና አዋሳኞቹ ሁሉ መቃብሩ ዳር ይቁሙ። ይፋ የሚሆንበትን ጊዜ በ12ም ይሁን በ21 ሕዝቡ በተሰበሰበበት አስነግሩ። ልኬታው ካለፈ ደግሞ ነገ ሄደህ መቃብሩ በምን ስም እንደተመዘገበ እይ።

በሁለቱም መንገድ ግን፣ ዛሬ ማታ የምትጀምረው ከጎረቤት ነው። ከመቃብሩ ጋር የሚዋሰን ማሳ ያለውን ሰው ሁሉ የድሮውን ደብተር ለምነው። አዋሳኝ የሚለውን ገጽ ፎቶ አንሣ። ስልክህ ላይ ብቻ አታስቀረው፤ ወረዳ ስትወርድ በሁለት ኮፒ አሳትመህ አንዱን ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ጋር አስቀምጥ። ከዚያ ምን እንደሚል ጻፍልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጃለን።