«ክብ ነው፣ ያለቀ ጉዳይ ነው» ለተባልሽው

እህቴ፣ ለማስተርስ ማሟያሽ የክሎሮፕላስት (ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራበት አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል) ዲኤንኤ አወቃቀርን መርጠሽ አማካሪሽ «እሱማ ክብ ነው፣ ያለቀ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ፈልጊ» እንዳሉሽ ጽፈሻል። ኪራይሽን የሚከፍለው ወንድምሽ ደግሞ ትምህርቱን ትተሽ ባንክ እንድትወዳደሪ ይወተውትሻል። ላፕቶፕሽም አሮጌ ነው።

ጉዳዩ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓን፣ ናጎያ ላይ የትምባሆ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ካርታው ክብ ሆኖ ተሳለ፤ 156 ሺህ ገደማ ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ «ፊደላት»)፣ ሁለት ተገላቢጦሽ ድግግሞሾች (አንድ ዓይነት ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ የተቀመጡ)፣ በመካከላቸው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነጠላ ክፍል። ካርታው ልክ ነው። ችግሩ ካርታውን እንደ ሞለኪዩሉ ፎቶ መቁጠር ነው። የዲኤንኤው ቅጂዎች ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥለው ረጅም ክር ቢሆኑም እንኳ፣ የአንዱን መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ስለሚከተለው ካርታው ክብ ሆኖ ይወጣል። ተመራማሪዎቹ ኦልደንበርግና ቤንዲች እ.ኤ.አ. በ2004 የበቆሎን ክሎሮፕላስት አጋሮዝ በተባለ ጄል ውስጥ እንደተቀበረ አፈረሱት፤ ረጅሙ ዲኤንኤ ፒፔት ውስጥ እንዳይበጣጠስ ነው። ረጃጅም ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ በሚለየው ፐልስድ ፊልድ ጄልና በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አብዛኛው ቀጥ ያለ ወይም ቅርንጫፍ ያለው ነበር፤ ክቡ ጥቂት። እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነገር ነው። የእነሱን ጽሑፍ አትመሽ ለአማካሪሽ ይዘሽ ግቢ፤ በክርክር ሳይሆን «ይህን እንዴት ያዩታል?» ብለሽ።

ክፍላችሁ የፐልስድ ፊልድ ማሽን ከሌለው ግን ቅርጹን አረጋግጣለሁ ብለሽ አትነሺ፤ የዲኤንኤ ፊደላት ቅደም ተከተል ብቻውን ቅርጽ አያሳይም። በምትኩ ለጥናትሽ ጥራጥሬ ውሰጂ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራና ጓያ ከሁለቱ ድግግሞሾች አንዱን ጥለዋል፤ በዚያ የተነሳ የጂኖቹ አሰላለፍ ምን እንደሆነ ማነጻጸር በማስተርስ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው። የተነበበው ዳታ በነጻ ይገኛል፣ ፋይሉም ላፕቶፕሽን አያስጨንቀውም።

ወንድምሽ ኪራይ ስለከፈለ ሙያሽን አልገዛም። የባንክ ማስታወቂያ ዘንድሮ ቢያልፍሽ ሌላ ጊዜ ይወጣል። ኪራዩ ግን ቀልድ አይደለምና ባዶ እጅሽን አትከራከሪው፤ በላብራቶሪ ረዳትነት የሚቀጥርሽ ፈልጊ። እኔም ወደ ሙያው የገባሁት ጄል እያፈሰስኩ፣ ቱቦ እያጠብኩ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ግን ዲኤንኤ በእጁ ያወጣ ሰው ፕሮፖዛሉ ውስጥ የማይሆን ነገር አይጽፍም። የቱን ላብራቶሪ ልጠይቅ ካልሽ ከራስሽ ክፍል ጀምሪ፣ ሰኞ ጠዋት።