የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ፎርጅድ መሆኑን ለጠየቅሽው እህቴ

እናትሽ ከጅዳ ያመጡት የወርቅ ሳንቲም፣ ማለትም ሶቨሪን፣ ትክክለኛ መሆኑን እንዴት ልወቅ ብለሻል። እኔም ሳውዲ ሳለሁ ደሞዜን በሱ ነበር የማጠራቅመው። ወርቅ ቤት አትሩጪ፤ መጀመሪያ ቤትሽ ጨርሺ።

1. መዝኚው። ከነጥብ በኋላ ሁለት ቁጥር የምታነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። ሙሉው 7.98 ግራም ነው። ብዙ እጅ ነክቶት ቢያልቅ እንኳ ከ7.93 ባይወርድ ጥሩ ነው። ሐብል ላይ ከታሰረ አስፈቺው።

2. ለኪው። ስፋቱ 22.05 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 1.52 ነው። በዚህ ልክ የተሠራ ነሐስ ክብደቱ ግማሽ አይሞላም። ማግኔት አልሳበውም ብለሽ ግን እንዳትደሰቺ፣ ነሐስንም አይስብም።

3. ምስሉን እዪ። ጀርባው ላይ ያለው ጊዮርጊስ እኛ ጋ ጦር ነው የሚይዘው፣ እዚህ አጭር ሰይፍ ነው። ዓመቱና ንጉሡ ይግጠሙ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በፈረንጆቹ 1901 ሞታ 1910 የሚል ሳንቲም ላይ ምን ትሠራለች? ካራት ከተጻፈበት ደግሞ የወርቅ ሠሪ ሥራ ነው። እንግሊዞቹ ካራትም ዋጋም አይጽፉበትም።

4. ወርቅ ቤት የግድ ከሆነ ከእጅሽ አታውጪው። እኔ የሄድኩበት ሰውዬ ፊቴን እንኳ ሳያይ ሞረዱን አነሳ። «ኧረ ተው!» እስክል ጠርዙን ሞረደው፣ አሲድ ጠብ አደረገበት። «18 ካራት ነው፣ በ18 ልግዛሽ።» 22 ነው ስለው «እኔን ወርቅ ልታስተምሪኝ ነው?» አይለኝም! ሚዛኔን ከቦርሳ አወጣሁ። የራሱን የቡና ስኒ ውሃ ሞልቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩና ዜሮ አደረግኩት። ሳንቲሙን በክር አንጠልጥዬ፣ የስኒውን ግድግዳም ታቹንም ሳላስነካ ውሃው ውስጥ አጠለቅኩት። 0.45 ግራም አነበበ፣ ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ማለት ነው። ክብደቱን ለሱ ስታካፍዪው 17.7 ይመጣል፣ የ22 ካራት እፍጋት። 18 ቢሆን ከ0.5 ያልፍ ነበር። ወዲያው «የኔ እመቤት» ሆንኩ። አልሸጥኩለትም። የተሞረደውን ግን ሌላውም ሱቅ እንደ ስብርባሪ ነው የገመተልኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቤሩት የተሠሩ የድሮ ፎርጅዶችም አሉ። አብዛኞቹ እውነተኛ ወርቅ ስለሆኑ በሚዛን ላይያዙ ይችላሉ። የፊደሉን ጥራት ነው የምታዪው። ፊትና ጀርባውን በቀን ብርሃን አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።