የቡችላው ሆድ ተበላሸ፤ ምን ላድርግለት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። ልጆቼ ገጠር ካሉ ዘመዶቻችን ቡችላ አምጥተው እያሳደግን ነው። ሁለት ወር ገደማ ይሆነዋል፤ አንበሴ ይሉታል። ከመጣ ጀምሮ ወተትና አጓት ነው የምንሰጠው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ያስቀምጠዋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ነጫጭ ረጃጅም ትል አብሮ ወጣ። ይጫወታል፣ ይበላልም፤ ሆዱ ግን እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ጎረቤቴ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት አጠጪው ትለኛለች። ባለቤቴ ውሻ ራሱ ይድናል፣ ተይው ይላል። ልጆቹ አብረውት ስለሚውሉ ለእነሱም ሰጋሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንበሴ የሚጫወትና የሚበላ ከሆነ ለዛሬ ቤት ውስጥ ሊረዱት ይችላሉ። “ተይው” በሚለው ግን አልስማማም። ጎጃም ውስጥ ስሠራ ቡችላ የሚመጣልን ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ነበር። ትንሽ ቡችላ ውኃ ሲያልቅበት ቶሎ ነው የሚደክመው። እንደ ትልቅ ውሻ ቀን አይሰጥም።

መጀመሪያ ወተቱን ያቁሙ። የላም ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ጡት የተወ ቡችላ ይህን ስኳር በደንብ መፍጨት አይችልም። ሳይፈጭ አንጀት ውስጥ ሲቀር ውኃ ይስባል፣ ይቦካል፣ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። አይብ በወጣ ቁጥር አጓቱን ለውሻ መስጠት የኖርንበት ነገር ነው፤ ትልልቆቹ ለምደውት ይሆናል። ነገር ግን አብዛኛው የወተት ስኳር የሚቀረው አጓቱ ውስጥ ነው።

በወተቱ ፋንታ ሩዝ እስኪልም ቀቅለው ይስጡት። አጥንቱ የወጣ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ቢቀላቀልበት ጥሩ ነው። ጾም ሆኖ ቤት ውስጥ ሥጋ ካልገባ ለሁለት ቀን ሩዝና የተቀቀለ ድንች ይበቃዋል። ጨው፣ በርበሬ፣ ቅቤ አይንካው። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በቀን አራት አምስት ጊዜ ያብሉት። “ሆዱ ይረፍ” ብለው ቀኑን ሙሉ እንዳያስርቡት፤ በዚህ ዕድሜ ሲራብ የደሙ ስኳር ይወርድና ይዝለፈለፋል።

ከመድኃኒት ቤት ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሸጠውን ኦ አር ኤስ ይግዙ። ፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው በንጹሕ ውኃ በጥብጠው በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ይስጡት። ራሱ ካልላሰ በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ ያድርጉለት። ቀና አድርገው አፉ ውስጥ ከደፉበት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

የነጭ ሽንኩርቱን ነገር አደራ! ጎረቤትዎ በቅን ልብ ነው የመከሩት፤ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ለእኛ ሆድ የታወቀ ነው። ውሻ ላይ ግን ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት የደም ቀይ ሴሎችን ይሰባብራል። ወጥ የነካው ፍትፍት ለቡችላ አይሁን የምለውም ለዚህ ነው። ለሰው የታዘዘ ማስታገሻም አይስጡት። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የውሻን ሆድ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ።

ትሉን በተመለከተ፣ እንደገለጹት ከሆነ ወስፋት ነው። የሆዱ መነፋትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቡችላ ወስፋትን ከእናቱ ነው የሚወርሰው፤ ገና በማሕፀን ሳለ፣ ኋላም በጡቷ በኩል። ስለዚህ የትል መድኃኒት ቡችላው 2 ሳምንት ሲሞላው ተጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ይደገማል። አንበሴ እስካሁን ካልወሰደ በዚህ ሳምንት ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። መድኃኒቱ በክብደቱ ልክ ስለሚሰጥ ለበግና ለከብት የተገዛውን በግምት እንዳይሰጡት። ክሊኒኩ በር ላይ በሬና በግ ከያዙ ገበሬዎች መሀል ቡችላ ታቅፎ መሰለፍ የሚያሳፍራቸው አሉ። እርስዎ እንዳያፍሩ፤ ሐኪሙ ለእሱም ነው የተቀመጠው።

እስከዚያው ጠዋትና ማታ ድዱን ይዩ። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው በጣትዎ ይንኩት። የጤነኛ ቡችላ ድድ ሮዝና እርጥብ ነው። ጫን አድርገው ሲለቁት ይነጣና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ መልኩ ይመለሳል። ድዱ ከነጣ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ወይም ቀለሙ ቶሎ ካልተመለሰ በዚያው ሰዓት ይዘውት ይሂዱ። ደም የቀላቀለ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ምግብ እንቢ ብሎ መተኛት ካዩም እንዲሁ። ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ያልተከተበ ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኼኛው ነው፤ በጊዜ ደርሶ ፈሳሽ በደም ሥሩ ከተሰጠው የሚተርፈው ብዙ ነው። ለፓርቮ ክትባት አለው። ሐኪሙን ይጠይቁ፤ እዚያ ካልተገኘ ባሕር ዳር ያስጠይቁ።

ለልጆቹ መስጋትዎ ልክ ነው። የዚህ ወስፋት እንቁላል ወደ ሰውም ይገባል፤ ዓይን ድረስ ሄዶ ሊጎዳ ይችላል። ግን አዲስ የወጣው እንቁላል ወዲያው አይዝም። አፈር ውስጥ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ዓይነ ምድሩን በየቀኑ እያነሱ ከጓሮው ጎመን ራቅ አድርገው ይቅበሩ። ልጆቹ ከቡችላው ጋር ተጫውተው ሳይታጠቡ እንጀራ አይቁረሱ። ለበዓል በግ ሲታረድም ጥሬ ሳንባና ጉበት አይጣልለት። ውኃ የቋጠረ ሳንባ የበላ ውሻ ሌላ የኮሶ ትል ይይዘዋል፤ ያኛው ሰው ላይ ሲደርስ ጉበት ውስጥ እያደገ የሚሄድ ከረጢት ይሠራል።

አንበሴ ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ እዚያው ክሊኒክ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ያስወጉት። ካርዱን ያስቀምጡ፤ በየዓመቱ ይጠየቃሉ።