«እና» በዛብኝ፤ በምን ልተካው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምሠራው ጅማ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ሪፖርት እጽፋለሁ። ባለፈው አለቃዬ «ይሄ ሪፖርት ነው ወይስ የ‹እና› ሰልፍ?» አሉኝ። አንዱ ዓረፍተ ነገሬ ይኸው፦ «ሰኞ እሸት ቡና ተረከብን እና መዘንን እና አልጋ ላይ አሰጣን እና ዝናብ መጣ እና ሸፈንን።» (አልጋ የምንለው ቡና የሚሰጣበትን ቆጥ ነው።) «እና»ን በምን ልተካው? ዓረፍተ ነገር በ«እና» መጀመርስ ነውር ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለቃህ ቀልደኛ ናቸው፤ ግን አልተሳሳቱም።

አማርኛ ተከታታይ ድርጊት ሲያወራ «እና» ብዙም አያስፈልገውም። ለዚሁ ሥራ ቦዝ አንቀጽ የሚባል ግስ አለው፦ ተረክበን፣ መዝነን፣ አስጥተን። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይዘጋም፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ግስ ይጠብቃል። ጊዜውን የሚወስነውም ያ ግስ ነው። «ተረክበን፣ መዝነን አሰጣን» ካልክ ነገሩ አልፏል። «ተረክበን፣ መዝነን እናሰጣለን» ካልክ ገና ነው። የተቀየረው አንድ ቃል ብቻ! አፋን ኦሮሞም እኮ እንዲሁ ነው። «ከኤ ዴሜ» ሲባል «ተነስቶ ሄደ» ማለት ነው፤ መሃሉ ላይ «እና» የለም። ስለዚህ ሁለቱንም የምትናገር የጅማ ልጅ ከሆንክ ማሳበቢያ የለህም።

አሉታ ሲሆን «ሳ» ይመጣል። «አልመዘንንም እና አሰጣን» አይባልም፤ «ሳንመዝን አሰጣን» ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ዝናቡ ነው። «ዝናብ መጣ እና ሸፈንን» ስትል አለቃህ ማወቅ የሚፈልጉትን አልነገርካቸውም። «ዝናብ ስለመጣ ሸፈንን» ካልክ ምክንያቱን ሰጠሃቸው። «እንደመጣ ሸፈንን» ካልክ ፈጥናችኋል። «ሳይመጣ ሸፈንን» ካልክ ቀድማችኋል፤ ምስጋና ይገባችኋል። «ዝናብ እስኪመጣ አልሸፈንንም» ካልክ ደግሞ በራስህ ላይ መሰከርክ። ቡናው ረጥቦ ሻጋታ ቢያወጣ ማን እንደሚጠየቅ የሚለየው በእነዚህ ሚጢጢ ቅጥያዎች ነው። «እና» ግን ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል። ስለዚህ «በምን ልተካው?» ከማለትህ በፊት «በሁለቱ ድርጊቶች መካከል ምን አለ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ጊዜ ነው? ምክንያት ነው? ተቃርኖ ነው?

ራሷ «ና»ም ከግስ ጫፍ ላይ ስትለጠፍ ምክንያት የምትሆንበት ጊዜ አለ። «ዝናብ ሊመጣ ነውና ሸፍኑት» ይባላል። «ሂድና ጥራው» ላይ ግን ተራ ማያያዣ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን በጣም ስለሚያናድደኝ ነው። «እና»ን የሸሸ ሰው ብዙ ጊዜ ድርብ ማያያዣ ላይ ይወድቃል። «ዝናብ ቢመጣም ነገር ግን ሥራ አልቆመም» ይላል። «ቢመጣም» ተቃርኖውን ጨርሶታል፤ «ነገር ግን» ምን ሊሠራ መጣ? «የቀረሁት ምክንያቱም ስላመመኝ ነው»ም ያው ነው። «የቀረሁት ስላመመኝ ነው» በቂ ነው። ሬዲዮ ላይ ሳይቀር እሰማዋለሁ።

በ«እና» መጀመርን በተመለከተ፦ በወሬ መሃል «እናስ? ከዚያ ምን አለህ?» ስንል ማንም አይቆጣንም። ሪፖርት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብታወጣት የሚጎድል ነገር የለም።

ያንተን ዓረፍተ ነገር እኔ ብሆን ለሁለት እቆርጠዋለሁ። የቦዝ ሰልፍም እንደ «እና» ሰልፍ ያደክማላ! «ሰኞ እሸት ቡና ተረክበን፣ መዝነን አልጋ ላይ አሰጣን። ዝናብ እንደመጣም ሸፈንን።» ዝናቡ ሳይመጣ ሸፍናችሁ ከሆነ ግን «እንደመጣም»ን አውጣና «ሳይመጣ»ን አስገባ። እሱን የምታውቀው አንተ ነህ።